ቀዩ መቆንጠጫ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ በአንድ ሐይቅ አፋፍ ላይ እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች የሚያበሩ ሰዎች ነበሩ። ልጆች እንዳይመስሏችሁ፤ ትዳር የያዙ፣ ልጅ የወለዱ ሰዎች ናቸው። «በአሻንጉሊት ይጫወታሉ» ብሎ የሚስቅባቸው ሞልቷል። እነሱ ግን አውሮፕላናቸው አንዴ ከተነሣ ምግብ አይሉ ውኃ አይሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይውላሉ።

ሪሞቶቻቸው አሮጌ ነበሩ። አሮጌ ሪሞት ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ሁለት ሰው በአንድ ቻነል፣ ማለትም በአንድ የሬዲዮ ሞገድ፣ ከከፈተ፣ አየር ላይ ያለው አውሮፕላን የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ ግራ ይገባውና አብዶ ይወድቃል። ስለዚህ ሕግ አወጡ። አንድ ሰሌዳ ላይ ባለቀለም የልብስ መቆንጠጫዎች ሰኩ፤ ለያንዳንዱ ቻነል አንድ መቆንጠጫ። መቆንጠጫውን ያልያዘ ሰው ሪሞቱን አይከፍትም። በቀዩ ቻነል የሚያበሩት ሦስት ነበሩ፤ አጥናፉ፣ ገመቹና ሌንሴ። ቀዩ መቆንጠጫ ግን አንድ ብቻ ነው።

የአጥናፉ አውሮፕላን የሟች ወንድሙ የደበበ ሥራ ነበር። ደበበ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አካሉን ከቀላል እንጨት ጠርቦ፣ ክንፉን ያባታቸውን ጥቁር ጃንጥላ ቀዶ አለበሰውና ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ፎቶ እንኳ የለውም፤ ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ነበር። ለአጥናፉ ከወንድሙ የቀረው ይኸው አውሮፕላን ነው።

አንድ እሑድ አጥናፉ ቀዩን መቆንጠጫ ይዞ አውሮፕላኑን ከሐይቁ በላይ ሲያዞር፣ አውሮፕላኑ ድንገት ተንቀጠቀጠ፤ ተገለበጠ፤ ከገደሉ አፋፍ በታች ወርዶ ተሰወረ። አጥናፉ ቀልቡ ተገፈፈ። ሪሞቱንም መቆንጠጫውንም ሣሩ ላይ ጥሎ ወደ ገደሉ ሮጠ።

«ተው አንተ ልጅ! በዚያ በኩል ፍየል እንኳ አይወርድም!» ብለው ጮኹበት የአብራሪዎቹ ክበብ ሰብሳቢ ጋሽ ለገሠ።

ማን ሰምቷቸው! ቁጥቋጦ እየያዘ፣ ድንጋይ እየጨበጠ ቁልቁል ወረደ። አውሮፕላኑን ገደሉ ወገብ ላይ አንዲት ጠባብ እርከን ላይ አገኘው። አንድ ክንፉ ከመቀደዱ በቀር ደህና ነበር። አጥናፉ አቀፈው፤ ደስ አለው። ልመለስ ብሎ ዞር ሲል ግን የወረደበት መንገድ የለም። ረግጦት ያለፈው ድንጋይ ሁሉ ተንዷል። ከራሱ በላይ አለቱ እንደ ቤት ክዳን ወደ ውጭ ገፍቶ ወጥቷል፤ ከሥሩ ሹል ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ሐይቁ። የቆመባት እርከን ደግሞ ጠርዟ በያንዳንዱ እንቅስቃሴው ይሸረፋል። ጀርባውን ከአለቱ አጣብቆ መተንፈስ እንኳ ፈራ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!»

ላይ ያሉት ሰሙት። ገመድ ፈልገው ወረወሩለት። ገመዱ ግን ከአለቱ ክዳን ላይ ስለሚወርድ ከአጥናፉ ራቅ ብሎ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ነፋሱ ያወዛውዘዋል። አጥናፉ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ትንሽ ጠጋ ሲል ተረከዙ ሥር ያለው አፈር ከዳው። ያን ጊዜ ፍርሃት አናገረው።

«ከዚህ ላወጣኝ ሰው የደበበን አውሮፕላን እሰጣለሁ! ብዋሽ የወንድሜ አጥንት ይውጋኝ!»

ቃሉ ካፉ እንደወጣ ቆጨው። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም ሰምቷል።

ጋሽ ለገሠ ባይናኩላራቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው በባጃጅ ወደ ሐይቁ ማዶ ተፈተለኩ፤ ከላይ ሆኖ አጥናፉን ማየት የሚችል ሰው አልነበረማ። ከማዶው ደግሞ ያለ ባይናኩላር ሰውና ድንጋይ አይለይም። ደርሰው ለሌንሴ ስልክ ደወሉላት። «አየሁት፤ እርከኗ እያለቀች ነው» አሏት።

ሌንሴ ሄሊኮፕተር ነው የምታበረው። አጥናፉ እዚያ ተጣብቆ ከላይ የምትናገረውን ይሰማል።

«የዓሣ ማጥመጃ ክር አንዱን ጫፍ ከገመዱ፣ ሌላውን ከሄሊኮፕተሬ ሥር አስሬ ከአለቱ በታች ላስገባለት እችላለሁ። ክሩን ሲይዝ ገመዱን ይስበዋል። ገመቹ፣ ቀዩን ቻነል ልቀቅልኝ!»

«አውሮፕላኔ ሐይቁ መሀል ነው» አለ ገመቹ። አጥናፉ የወደቀውን አውሮፕላን አንሥቶ አሁን ይመለሳል ብሎ፣ የአጥናፉን ሪሞት አጥፍቶ፣ መቆንጠጫውን ከሣሩ ላይ ለቅሞ የራሱን አስነሥቶ ነበር። «ነፋሱ አስቸገረኝ እንጂ እያሳረፍኩት ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ!»

ከአጥናፉ እግር ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ ተነቅሎ ወረደ። ሲከሰከስ ላይ ድረስ ተሰማ።

«በሕግ አምላክ ገመቹ! ሰውየው እየወደቀ ነው!» አለች ሌንሴ።

«መቆንጠጫው እኮ በእጄ ነው!»

«ቅድም የአጥናፉ አውሮፕላን ሲወድቅስ በእጅህ ነበር? ሪሞትህ በርቶ አላየሁም?»

አጥናፉ ገባው። የወንድሙን አውሮፕላን የጣለው፣ እሱንም እዚህ ያሰረው፣ ሕጉን ረስቶ ሪሞት የከፈተው ገመቹ ነው። አሁንም አውሮፕላን ያስነሣው ሪሞቱ ለምን እንደበራ የሚጠይቀው እንዳይኖር ኖሯል! ደሙ ፈላ። ሊሰድበው አፉን ከፈተ፤ ግን ሲጮህ እርከኗ የምትናድ መሰለውና ዋጠው።

ገመቹ የሪሞቱን ማጥፊያ ተጫነ። አጥናፉ ካለበት ሆኖ የገመቹ ቢጫ አውሮፕላን ጌታ አልባ ሆኖ ለጥቂት ሲንሳፈፍ፣ ከዚያ ባንድ ጎኑ ሲያዘነብል፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየ። ያን አውሮፕላን ገመቹ ከምሳው እየቀነሰ ሁለት ክረምት ሙሉ እንደሠራው ያውቃል። አዘነለት፤ ንዴቱ ግን አልወጣለትም።

ሌንሴ ሄሊኮፕተሯን አስነሣች። ሄሊኮፕተሯ ከአፋፉ በታች እንደወረደች ከሌንሴ ዓይን ጠፋች። ከዚህ በኋላ ጣቶቿ ይሠራሉ እንጂ ዓይኗ አያይም፤ ዓይኗ ማዶ ያሉት ጋሽ ለገሠ ናቸው። አፋፉ ላይ ያሉት ሰዎች ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጆሮዋ ሥር ያዙላት።

«ወደ ግራ... ወደ ግራሽ! ያንቺ ግራ፣ የኔ አይደለም! ቁሚ። አሁን ወደ ኋላ፣ ቀስ... ቁሚ አልኩ! ክንፏ ፊቱን ሊበላው ነው!»

አጥናፉ አቧራው ዓይኑን ሞላው። የሚሽከረከረው ክንፍ ከአፍንጫው ፊት ይጮኻል። ወደ ኋላ እንዳይሸሽ አለት ነው፤ ወደ ፊት አየር ነው። ላብ አጠመቀው።

«አውሮፕላኑን ጥለህ በሁለት እጅህ ያዝ ይሉሃል ጋሼ!» ብላ ሌንሴ ከላይ ጮኸች።

አልጣለም። የወንድሙን አውሮፕላን በጉልበቶቹ መሀል ቆንጥጦ አንድ እጁን ዘረጋ። ክሩ አመለጠው። ሄሊኮፕተሯ ወጣ ብላ እንደገና ገባች። በዚህኛው አጥናፉ ክሩን ያዘው። ክሩን ሳበ፤ ገመዱ መጣ፤ ብብቱ ሥር አሰረ። አፋፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተረባርቦ ጎተተው። ሲወጣ አውሮፕላኑን እንዳቀፈ ነበር።

ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ሲተነፍስ፣ እሰይ፣ አበቃ አላችሁ? የት አብቅቶ! ሦስቱ ቆመውበታል።

«ማሐላህን ሰምቻለሁ» አለች ሌንሴ። «ክሩን ያመጣችልህ ሄሊኮፕተሬ ናት። ፊትህን ሳልቆርጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እኔ ብወስደው ደበበ እንደሚወደው አበረዋለሁ።»

ጋሽ ለገሠ በባጃጁ ተመልሰው መጥተዋል። «እሷ እኮ ዓይኗን እንደታሰረ ሰው ነበረች። ግራ ስላት ወደ ግራ፣ ቁሚ ስላት ቆማ ነው ያስገባቻት። ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ቤት ነበርን። ደበበን ማብረር ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ስጠኝና ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው፤ ዳግመኛ የሚጥለው አይኖርም።» ይህን ሲሉ ገመቹን በዓይናቸው ገረፍ አደረጉት።

ገመቹ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «የጣልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ግን ማጥፊያውን ባልጫን ሄሊኮፕተሯም አትነሣም፣ የጋሼም ዓይን የሚያየው አንተ ስትወድቅ ነበር። እነሱ ከንብረታቸው አንድ ነገር ጎድሎባቸዋል? እኔ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ።»

«ባጠፋኸው ላይ ሽልማት ትጠይቃለህ? ዓይን አውጣ!» አለች ሌንሴ።

«ጥፋቴን በአውሮፕላኔ ከፍያለሁ። ከዚያ በላይ ምን ልክፈል?»

አጥናፉ ሦስቱንም አያቸው። ለማንም መስጠት አይፈልግም፤ ይህን ደብቆ አያውቅም። አልሰጥም እንዳይል የወንድሙ አጥንት አለ። ለሦስት እንዳይከፍለው፣ ሲከፈል ስባሪ እንጨትና የጃንጥላ ጨርቅ ነው። ለአንዱ ቢሰጥ ሁለቱን ክዷል፤ ክበቡም ይፈርሳል። በገደሉ ላይ ቢያንስ ገመድ ይጠብቅ ነበር።

አውሮፕላኑ ዛሬም የክበቡ ጠረጴዛ ላይ ነው። አጥናፉ የተቀደደውን ክንፍ ሰፍቶ፣ ቀዩን መቆንጠጫ ጭራው ላይ ሰክቶ አስቀምጦታል። ቀዩ ቻነል ስለዚህ አይከፈትም፤ ሦስቱም እሑድ እሑድ እየመጡ ይቀመጣሉ፤ እሱም ይቀመጣል። ከአራቱ ማንም አያበርም። ከገደሉ ወጥቷል፤ ከቃሉ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

እናንተ የሰማችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትበተኑ። መቆንጠጫውን ንቀሉና አውሮፕላኑን ለአንዱ ስጡት፦ አጥናፉን ከገደሉ ያወጣው ማነው?