የይመር ሁለት ቃል

ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ ወቅት ይመር የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። አራጋው፣ ዘምዘምና እንድሪስ የሚባሉ ልጆች ነበሩት፤ ትንሹ ደግሞ መሱድ ነበር። ነፋስ በተነሣበት ቀን እንድሪስ የአባቱን ቃል ጥሶ መሱድን በታንኳ ይዞት ወጣ። ታንኳዋ ተገለበጠች። እንድሪስ ዋኝቶ ወጣ፤ መሱድ አልወጣም።

ይመር ልጁን ቀብሮ ሲመለስ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እንድሪስ ከእንግዲህ ደጄን አይርገጥ። ስሞትም ቀብሬ ውስጥ ወርዶ ሬሳዬን አይቀበል» አለ። በአገራቸው አባትን ከቀብሩ ወርዶ ተቀብሎ የሚያስተኛው ልጁ ነው። እንድሪስም አገር ለቆ መርሳ ገባና አናጢ ሆኖ ኖረ።

ዓመታት አለፉ፤ ይመር ጉበቱን ታመመ። መጀመሪያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ። ቆይቶ ሕመሙ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ። ቀን ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይነቃል። እጁን ሲዘረጋ መዳፉ ይርገበገባል። ዘምዘምን ስሟን ረስቶ በሟች እናቷ ስም ይጠራታል። ጎረቤት ጂን ነው አለ።

ታላቁ ልጅ አራጋው ይህን አልተቀበለም። ሥራውን ጥሎ አባቱን ደግፎ ደሴ ወደሚገኝ ሐኪም ቤት ወሰደው። ዶክተሯ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። ከምንበላው ምግብ አንጀት ውስጥ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ጤነኛ ጉበት ለውጦ በሽንት እንዲወገድ ያደርገዋል፤ የደከመ ጉበት ግን ስለማይችል መርዙ በደም አድርጎ አንጎል ይደርሳል። መርዙን በሰገራ የሚያስወጣ ጣፋጭ ሽሮፕ አዘዘችለት። ሆዱ ከደረቀ አእምሮው እንደሚደፈርስ ነገረችው። እንዳይከሳም እንቁላልና ባቄላ አትከልክሉት አለች።

«ጉበቱ እንደ ድሮው አይሆንም» አለችው በመጨረሻ። «አእምሮው ግን ሊመለስ ይችላል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዘምዘም ነው። ትዳሯን ትታ አባቷ ቤት ገባች። ሽሮፑን ትሰጠዋለች፣ ደግፋ ወደ ውጭ ታወጣዋለች፤ ሳይደርስ ሲያመልጠው አጥባ ልብሱን ትቀይራለች። እሱ ሲያፍር እሷ ፊቷን ታዞራለች። ይመርም ወደ ልቡ ተመለሰ። ስሟን ጠራ፤ ስለ መረቡ፣ ስለ ዝናቡ መጠየቅ ጀመረ።

አንድ ሰሞን ግን ሽሮፑ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋ። አራጋው ሊፈልግ ኮምቦልቻ ወረደ። የይመር ሆድ ደረቀ፤ ዘምዘምን እንደገና በእናቷ ስም ጠራት። እንድሪስ ወሬውን ሰምቶ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ይመር ከመደቡ ቀና ብሎ አየው።

«እንድሪስ፣ ልጄ» አለ። «ብርድ መታህ። ና፣ ጠጋ በል። ከእንግዲህ አትሂድብኝ፤ ስሞትም የምታስተኛኝ አንተ ነህ።»

አንገቱን አቅፎ ሳመው። ጎረቤቶቹ ሁሉ አዩ።

በማግስቱ አራጋው መድኃኒቱን ይዞ መጣ፤ ለእህቱ ሰጥቷት ሊሰግድ ወጣ። ዘምዘም ጠርሙሱን ከሳጥኗ ከተተችው። እንድሪስ ሲጠይቃት፣ አባታቸው ወደ ልቡ ሲመለስ እንደሚያባርረው፣ ዛሬን ብቻ አባትና ልጅ ሆነው እንዲውሉ እንደፈለገች ነገረችው።

«እኔስ እንዲህ ቢሆን ደስ ባለኝ» አላት እንድሪስ። «እሱ ግን ታሟል።»

ሳጥኑን ከፍቶ ሽሮፑን ቀዳና በገዛ እጁ አጠጣው።

ሁለት ቀን ቆይቶ ይመር ነቃ። ግርጌው የተቀመጠውን እንድሪስን አየ። ዘምዘም የሆነውን ሁሉ፣ እሱ ራሱም ምን እንዳለ ነገረችው።

«አላስታውስም» አለ። «የእኔን ቃል ለቀስተኛው ሰምቶታል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንድሪስ ጫማውን አንሥቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ይመር ደም አስታወከውና ሞተ።

ሬሳው ከመውጣቱ በፊት አገሩን የሚያስታርቁት ሼህ አልዩ ቀብሩ ውስጥ ማን ይውረድ ብለው ልጆቹን ጠየቁ። አራጋው፣ አባቴ በደህና አእምሮው የተናገረው ይከበር፣ የበሽታን ቃል የአባቴ ቃል አልልም አለ። ዘምዘም ሴት ስለሆነች ወደ መቃብሩ አትሄድም፤ ግን እያለቀሰች ተናገረች።

«ታሞ ሳለ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሕመሙ የእኔን ስም አስረስቶታል፤ የእንድሪስን አላስረሳውም።»

እንድሪስን ግን ቀብሩ ዘንድ ሲደርሱ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሞ አገኙት።

አራጋው ወረደ። ብቻውን አይችልም፤ ሬሳውን የሚቀበል ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሼህ አልዩ ወደ አጥሩ አዩ፣ ወደ ቃሬዛው አዩ፤ ሕዝቡ አፋቸውን ይጠብቃል።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ ከሁለቱ ቃሎች የይመር ቃል የትኛው ነው ትላላችሁ? ከአራጋው ጎንስ ማን ይውረድ?