አያ ጅቦ የአንበሳ ጭራ የሆነ ጊዜ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁትም ወሬውን ተዉትና ስሙኝ። ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ፤ ስሟን የሚያውቁት ሁሉ ሞተው ባለቁባት በአንዲት አገር ነው። ያን ጊዜ እንስሳት በሁለት እግራቸው መቆም ያውቁበት ነበር፤ ሰኮናም እንደ ጣት ይይዝ ነበር። እንዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም በልጅነቴ ስጠይቅ አልነገሩኝም።

የዚያች አገር ንጉሥ አንበሳ ነበር። በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ቀን በየደጁ እየዞረ ሕዝቡን ይባርካል። ታዲያ ንጉሡ አረጀ፣ ጉልበቱም ከዳው። ከአልጋው ተነሥቶ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፍ ጀመር። ሕዝቡም «ዘንድሮ ማን ሊባርከን ነው?» እያለ አጉረመረመ።

በዚያች አገር የኔታ የሚሉት አንድ ሽማግሌ ሽመላ ነበር። በወጣትነቱ ቻይና ድረስ በርሮ የተመለሰ፣ ኋላ ክንፉ ሲደክም በዚያችው በአንበሳው አገር የቀረ ነው። እሱ ንጉሡ ፊት ቀረበና እጅ ነሥቶ እንዲህ አለ፦

«ጃንሆይ፣ በቻይና አገር ዘመን ሲለወጥ ሁለት ሰዎች አንድ አንበሳ ይሆናሉ። አንደኛው ከቀርከሃና ከጨርቅ የተሠራ የአንበሳ ራስ ይሸከማል። ሁለተኛው ከኋላው ጎንበስ ብሎ ወገቡን ይይዛል። ከላያቸው ጨርቅ ይደረብባቸዋል። ከበሮ ሲመታ ይሰግዳሉ፣ ከጉቶ ወደ ጉቶ ይዘላሉ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ጎመን በአንበሳው አፍ ቀንጥሰው ለሕዝቡ ይበትናሉ። ቅጠሉ የደረሰው ቤት ዓመቱን ሙሉ አይራብም ይባላል። እኔ ጨዋታውን አውቀዋለሁ፤ ማስተማርም እችላለሁ።»

ንጉሡ ደስ አለው። «መማር የሚፈልግ ይምጣ!» ተብሎ አዋጅ ተነገረ።

መጀመሪያ የመጣችው ማን መሰለቻችሁ? እመት አህይት! ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ ግን ወደ ሽመላው ቀረብ ብላ፣ «የኔታ፣ እህል ተሸክሜያለሁ፣ እንጨት ተሸክሜያለሁ፣ ድንጋይም ተሸክሜያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ቀና ብሎ የሚያየውን ነገር ልሸከም» አለችው።

«እንግዲያስ የአንበሳው ራስ ያንቺ ነው» አላት።

ከበሮውን ጦጣ ወሰደች። ጭራ የሚሆን ግን ጠፋ። ዝንጀሮው ቢጠየቅ፣ «እኔ? ከአህያ ቂጥ ሥር ጎንበስ ብዬ ልውል? ምን በወጣኝ!» ብሎ ሄደ። ሌላውም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ኋላ ተጋድሞ ይሰማል። እህል ውሃ ካየ ሦስት ቀኑ ነው። በልቡም ማስላት ጀመረ። አንዲት ወፍራም አህያ አለች። ከላይዋ ጨርቅ አለ። ጨርቁ ውስጥ ጨለማ ነው። ከአህያዋ ኋላ ደግሞ አንድ ብቻ ነው የሚገባው። «ጨርቅ ውስጥ የሚሆነውን ማን ያያል?» አለና ምራቁን ዋጠ።

በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ሕዝቡ ሲያየው ግር ብሎ ሸሸ፤ እመት አህይትም ዞራ ሰኮናዋን አዘጋጀች።

«የኔታ፣ ጭራ ልሆን መጣሁ» አለ አያ ጅቦ ድምፁን አለስልሶ። «ለአገሬ ከሆነ ውርደቱንም እችለዋለሁ።»

ሽመላው ዞር ዞር ብሎ አየው። «ጀርባህ ወደ ኋላ የወረደ ነው፤ ለጭራነት የተፈጠርክ ትመስላለህ። ይሁን፤ አፍህ ግን ይሸበባል» አለው። ወዲያው በጠፍር አፉን ሸበቡት። በጠፍሩ ክፍተት እንደ ምንም ይናገራል፤ መንከስ ግን አይችልም። ትምህርቱ ሲያበቃ ይፈታለትና አጥንቱን ሊለቅም ይሄዳል።

ትምህርቱ ተጀመረ። አያ ጅቦ በዚያው ቀን ጨርቅ የሚለብስ መስሎት ነበር። ሽመላው ግን በአንድ እግሩ ቆመና፣

«ጉልበት እጠፍ! ወገብ ዝቅ! ጆሮ ለከበሮ!» አለ።

ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በሌለ በርጩማ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ቆሙ። ትንሽ እንደ ቆዩ የአያ ጅቦ ጭኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቡ ወረደ። ከዚያም እንደ ጭድ ጆንያ ዘጭ አለ።

«ይሄ መቆም ነው እንጂ ጭፈራ ነው እንዴ?» ብሎ አማረረ።

«መቆም ያልቻለ ምኑን ይዘላል? ተነሥ።»

«የኔታ፣ ጨርቁ መቼ ነው?»

«ጉልበትህ ሲነግረኝ።»

አያ ጅቦ ነገሩ ገባው። ጨርቁ ቶሎ እንዲመጣ ጉልበቱ ቶሎ መጽናት አለበት። ስለዚህ ቤቱም ሲመለስ ደጁ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቆማል። ሚስቱ እመት ጅቢት ደንግጣ ወጣች።

«ምን ነካህ? ሆድህን አመመህ?»

«ዝም በይ» አላት ላቡን እያንጠባጠበ። «ምሳችንን እያጠናሁ ነው።»

ወር ሞላ። አያ ጅቦ ጥላው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እስኪዞር ድረስ ንቅንቅ ሳይል የሚቆም ሆነ። «የኔታ፣ ጨርቁ መቼ ነው?» አለ። «ጉልበትህ ሲነግረኝ» አለው ሽመላው፣ «አሁን ጆሮህን እንይ።»

ጦጣ ከበሮዋን አመጣች። ድም፣ ድም ሲል አንበሳው ይራመዳል። ድምድም ሲል ይሰግዳል። እንደ በረዶ ሲወርድ ይዘላል። ቀስ ብሎ እንደ ትንፋሽ ሲሆን አንበሳው ይተኛል። አያ ጅቦ መጀመሪያ ላይ አደበላለቀው፤ ሲሰገድ ዘለለ፣ ሲዘለል ተኛ። ጦጣ በሳቅ ሞተች። እሱ ግን መንገድ ሲሄድም፣ አጥንት ሲቆረጥምም ድም፣ ድም ማለት አልተወም። ሁለተኛው ወር ሳይሞላ ከበሮው ገና ሳይመታ እግሩ ያውቀው ጀመር።

«የኔታ፣ ጨርቁ መቼ ነው?»

«ጉልበትህ ሲነግረኝ።»

በሦስተኛው ወር አንድ ላይ ሆኑ። እመት አህይት በአንበሳው ራስ ፈንታ እንቅብ ተሸከመች። ወገቧን በመቀነት አሠረች፤ አያ ጅቦ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ መቀነቱን ያዘ። ከዚያ የሚታየው ተረከዟ ብቻ ነው። በሜዳው ላይ ሦስት ጉቶ ተተክሏል፤ አንዱ ካንዱ ከፍ ይላል። እሷ ስትዘል እሱ ከኋላ ያነሣታል፤ ስትወርድም ይቀበላታል።

አንደኛውን ዘለለች። ሁለተኛውንም ዘለለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ! «አልችልም» አለች። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ።

«ጉልበትሽማ ይችላል» ይላታል ሽመላው። «ልብሽ ነው እምቢ ያለው።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሆነ። ጦጣ ከበሮውን አሳምራ መታችው፤ የእመት አህይት እርምጃና የአያ ጅቦ እርምጃ ገጠመ። ሁለት እግርና ሁለት እግር መሆናቸው ቀረና እንደ አንድ ባለ አራት እግር ሆኑ። አያ ጅቦ ደስ አለው። ከበሮው ሲቆም፣ ከረፋዱ ጀምሮ መራቡን ረስቶት እንደ ነበር ታወቀው። ወዲያው በራሱ ተናደደ። «ምን ሆኜ ነው? ይሄ ትምህርት ሆዴን ሊያስረሳኝ ነው እንዴ?» አለ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሆነ። አያ ጅቦ አፉን ከመክፈቱ ሽመላው ቀደመውና፣ «ጉልበትህ ነግሮኛል። ነገ ጨርቁን ትለብሳላችሁ» አለው።

በነጋታው አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። ንጉሡን በአልጋው ተሸክመው አወጡት። ከሦስተኛው ጉቶ በላይ በረጅም እንጨት ላይ ጎመን ተሰቀለ። እመት አህይት የአንበሳውን ራስ አነሣች፤ ዓይኑ የሚጨፍን፣ ጆሮው በገመድ የሚንቀሳቀስ፣ አፉ የሚከፈት ነው። አያ ጅቦ ከኋላዋ ጎንበስ አለ፤ ጨርቁም ወረደባቸው። ልክ እንዳሰበው ጨለማ ነው።

«እመት አህይት» አላት በሹክሹክታ፣ «ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው። በዚህ ላይ ጠፍሩ ትንፋሽ አሳጣኝ። እኔ ከወደቅሁ አንቺም መውደቅሽ ነው።»

እመት አህይት አሰበች። ጅብ ጅብ ነው። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ወገቧን ይዞ አንድ ቀን አልጣላትም። «እውነትህን ነው፤ አንተ ካልተነፈስክ እኔም አልዘል» አለችና እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ጠፍሩን በገዛ እጇ ፈታችለት። «ለየኔታ እንዳትናገር።»

«ምን ቆርጦኝ!» አለ አያ ጅቦ።

ከበሮው ተመታ። ድም፣ ድም። አያ ጅቦ አሁን ልንከስ ሲል እግሩ መራመድ አለበት። ድምድም። አሁን ልንከስ ሲል ይሰገዳል። ከበሮው እንደ በረዶ ወረደ፤ አሁን ልንከስ ሲል አህያዋን አንሥቶ ወደ አንደኛው ጉቶ ማድረስ አለበት። ቀና ቢል ጨርቁ ይወጠራል፤ ቢቆም ሁሉም ያያል። ሦስት ወር ሲመኘው የኖረው ጨለማ ሥራ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሁለተኛው ጉቶም ዘለሉ። ሕዝቡ «እሰይ! እሰይ!» አለ።

ያኔ ከበሮው ቀስ አለ፣ እንደ ትንፋሽ። አንበሳው ሁለተኛው ጉቶ ላይ ተኛ። አደባባዩ ጸጥ አለ። የእመት አህይት ጭራ አያ ጅቦ አፍንጫ ሥር ነው።

«አያ ጅቦ» አለች በሹክሹክታ፣ «ከዚህ ቀጥሎ ሦስተኛው ነው። ፈራሁ። አጥብቀህ ያዘኝ።»

አጥብቆ ያዛታ! ጭራዋን ከሥሩ ግጥም አድርጎ ነከሰው።

«ሃአ ሂ! ሃአ ሂ! ሃአ ሂ!» ብሎ አንበሳው በአህያ ድምፅ አናፋ። እመት አህይትም ከተኛችበት ተወርውራ ሦስተኛውን ጉቶ ረገጠች፤ የአንበሳው አፍ ጎመኑን ከነግንዱ ነቅሎ ያዘ። ጨርቁ ግን በጉቶው ጉጥ ተይዞ ቀረ። ሕዝቡ ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከላይ የአንበሳ ራስ፣ ከሥሩ አህያ፣ ከአህያዋ ጭራ ደግሞ በጥርሱ የተንጠለጠለ ጅብ!

ጎትተው አወረዱትና ንጉሡ ፊት አቆሙት። አያ ጅቦ አፉን በክንዱ ጠረገና እንዲህ አለ፦

«ጃንሆይ፣ ሦስት ወር እምቢ ያላትን ጉቶ በአንድ ንክሻ አዘለልኳት። ጎመኑም ይኸው ወረደ። ቅጣት ሳይሆን ሽልማት ነው የሚገባኝ።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። «መዝለሉንስ ዘላለች» ያለም ነበረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት ንጉሡ።

«እውነቱን ነው ጃንሆይ፣ ዘልያለሁ» አለች እመት አህይት። «ጭራዬም ይድናል። ጠፍሩን ግን የፈታሁለት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ።»

 አያ ጅቦም መሬት መሬቱን አየ።

ንጉሡ ወደ ሽመላው ዞረ። «የኔታ፣ ተማሪህ እንዴት ነው?»

«ጃንሆይ፣ ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደሱ ያለ ጉልበት አላየሁም» አለ ሽመላው አዝኖ። «ጉልበቱን ሳስተምር ጥርሱን ሳላስተምረው ቀረሁ።»

ንጉሡ ጥቂት አሰበና ፈረደ። «ገና ሰባት መንደር ይቀራል፤ ሁሉም ቅጠሉን ይጠብቃል። መንከስ ማስተማሪያ ከሆነ መርገጥም ማስተማሪያ ነው። ከአሁን ጀምሮ አንተ ራስ ሁን፤ እሷ ጭራ ትሁን።»

አፉ ተሸበበና አያ ጅቦ የአንበሳውን ራስ ተሸከመ። መጀመሪያ ደስ አለው፤ ራስ መሆን ቀላል ነው? ጨርቁ ሲወርድ ግን ከኋላው ሰኮና መሬት ሲቧጭር ሰማ። ጠጉሩ ቆመ።

በመጀመሪያው መንደር ሦስተኛው ጉቶ ላይ ሲደርስ ትንሽ ዘገየ። ጓ! አለው እርግጫው። ጉቶውን አልፎ፣ ጎመኑን እግረ መንገዱን ነጥቆ፣ ከጎኑ ያለውን ቤት የክዳን ሣር ጭምር በአንበሳው አፍ ይዞ ወረደ። በሁለተኛው መንደር ዘገየ፤ ጓ! በሦስተኛውም ጓ! የየመንደሩ ሰው «እንዲህ ያለ አንበሳ አይተንም አናውቅ!» እያለ አጨበጨበ። ቅጠሉም ለሁሉ ቤት ደረሰ።

ሰባተኛው መንደር ሲደርሱ እመት አህይት ለእርግጫ እግሯን አላነሣችም፤ ደክሟት ነበር። አያ ጅቦ ግን ከኋላው የጨርቁን ኮሽታ ሰማና ጓ ያለው መስሎት ብቻውን ተወርውሮ ሄደ። እሷም ጨርቁን ለብሳ ከኋላ ቀረች። ይህን ያዩ የመንደሩ ሽማግሌዎች ከሣቃቸው ሲመለሱ እንዲህ ብለው ተረቱበት፤ እኛም ከእነሱ ሰምተን እንተርታለን፦

በጥርሱ ያዘለለ፣ በእርግጫ ይዘላል።