አያ ጅቦን የጠበቀው ማዕድ

አንድ ጊዜ፣ ረመዳን በገባ በሃያኛው ቀን፣ በአንድ ቆላ አገር አያ ጅቦ የእመት ግመልን ወተት ደፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር እመት ግመል፣ አህያና ፍየሎች በጉርብትና ይኖሩ ነበር። ወሩ ከገባ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ጾመው ይውሉና ፀሐይ ስትጠልቅ አብረው ያፈጥራሉ። ፍየሎቹ ቴምር ያመጣሉ፣ አህያ ውሃ ይቀዳል፣ እመት ግመል ደግሞ ወተቷንና የገብስ ሾርባዋን ታቀርባለች። ከዚያ በኋላ ሳቁና ጨዋታው ለጉድ ነው።

ያን ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት አያ ጅቦ በአጠገባቸው ካለ ቁጥቋጦ ዘሎ ወጣና ወተት የሞላውን ቅል ገለበጠው። ወተቱ አሸዋው ላይ ፈሰሰ።

«በሉ እንግዲህ፣ አሸዋውን ላሱ!» ብሎ እያሽካካ ሮጠ።

አህያ ጆሮውን ቀሰረ። «ዛሬስ አልምረውም! ጥርሱን በርግጫ አራግፌ ነው የምመለሰው!»

«ተው» አለችው እመት ግመል።

«እንዴት ተው ትይኛለሽ? ዓይናችን እያየ ደፋብን እኮ!»

«እኔም አይቻለሁ። ግን እኔ ጾመኛ ነኝ፤ አንተም ጾመኛ ነህ። ቀኑን ሙሉ አፍህን ከምግብ ከልክለህ ውለህ፣ አሁን እግርህን ከርግጫ መከልከል አቃተህ?»

አህያ በንዴት መሬቱን ጫረ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ያን ምሽት ያፈጠሩት ያለ ወተት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እመት ግመል ብቻዋን ወደ አያ ጅቦ ጎሬ ሄደች። አያ ጅቦ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ደረቅ ቆዳ ያኝካል። ሲያያት የጀርባው ፀጉር ቆመ።

«ልትጣዪኝ መጣሽ?»

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ምን በደልንህ?»

አያ ጅቦ ቆዳውን ከአፉ አወጣ። በዕድሜው እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

«በየምሽቱ ሳቃችሁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። በእኔ ላይ ነው የምትስቁት! እመት ቀበሮ ነግራኛለች።»

«እኛ የምንስቀው በፍየሎቹ ቀልድ ነው። አንተን ግን…» አለችና ያለፉትን ምሽቶች አስታወሰች። ሃያ ቀን ሙሉ ማዕድ ሲቀርብ፣ ጎረቤታቸውን አያ ጅቦን «ና» ያለው አንድም አልነበረም። አፈረች። «አንተን ግን ሳንጠራህ ቀረን። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ዛሬ ማታ ከእኛ ጋር ብላ፤ ቦታ እንይዝልሃለን።»

«አልመጣም!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። እሷም ወደ ሾላው ተመለሰች።

ጎሬው አጠገብ ካለ ድንጋይ ጀርባ ተደብቃ ስትሰማ የነበረችው እመት ቀበሮ ወዲያው ብቅ አለች።

«ሞኝ እንዳትሆን አያ ጅቦ! ማን ጅብ ይጋብዛል? ሊመርዙህ ነው። ይልቅ ማታ ቁጥቋጦው ውስጥ እንደበቅ። ሊበሉ ሲጀምሩ ዘለህ ማሰሮውን ገልብጥ፤ እነሱ ሲሸሹ እኔ ቴምሩን እሰበስባለሁ።»

«እኔስ ምን አገኛለሁ?»

«አንተማ ደስ ይልሃል!»

አያ ጅቦ ጥቂት አሰበና «እሱስ እውነት ነው» አለ።

በዚያው ሰዓት እመት ግመል አህያን ወደ ገበያ እየላከችው ነበር። «ከሥጋ ሻጩ ለምነህ ለአያ ጅቦ መቅኒ ያለው አጥንት አምጣለት።»

«እኔ? አህያው? ለጅብ አጥንት ልሸከም?»

«አዎ፣ አንተ።»

አህያ መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርም ሄደ። ሲመለስ ግን ያመጣው ከሁሉ ትልቁን አጥንት ነበር።

ፀሐይ ጠለቀች። ፍየሎቹ፣ አህያና እመት ግመል በቴምርና በአንድ ጉንጭ ውሃ አፈጠሩ። ሾርባው መሐል ላይ ቀርቦ ይጨሳል። በእመት ግመልና በአህያ መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ሰፊ ቅጠል ተነጥፎ አጥንቱ ተቀምጦበታል።

ቁጥቋጦው ውስጥ አያ ጅቦ ሊዘል ተነሣ። «አሁን ነው?»

«ገና ነው፤ ሊበሉ ሲጀምሩ» አለችው እመት ቀበሮ።

ሆኖም ሾርባውን የነካ አልነበረም። አንዲት ፍየል ምራቋን ዋጠችና «ምነው አንጀምርም?» አለች።

«አያ ጅቦ አልደረሰማ» አለች እመት ግመል። «እንጠብቀው።»

አያ ጅቦ ጆሮውን አላመነም። «እኔን ነው እንዴ?»

«ዝም በል!»

«ባይመጣስ?» አለች ፍየሏ።

አህያ ቀድሞ መለሰ። «እንጠብቀው ተባለ እኮ! ደግሞ አጥንቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሲበላው ሳላይ አልነሣም!»

ተቀምጠው ጠበቁ። ሾርባው መጨሱን እየቀነሰ ሄደ። አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም። የአጥንቱ ሽታ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ የአያ ጅቦ ሆድ «ጉርርርር!» ብሎ ጮኸ።

ፍየሎቹ ደንግጠው ዘለሉ። እመት ግመል ረጅም አንገቷን ወደ ቁጥቋጦው አሰገገች። «አያ ጅቦ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ? ቦታህ እዚህ ነው።»

አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እመት ቀበሮም መሸሻ ስታጣ ተከትላው ወጣችና «መንገድ ጠፍቶት እኮ ነው… ላደርሰው ብዬ ነው» አለች። ቅጠልና እሾህ ጭራዋ ላይ ተሰክቶ ነበር። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አያ ጅቦ ዙሪያውን ቃኘ፤ በእሱ ላይ የሚስቅ የለም። እሱም ሳቀ፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። እመት ቀበሮንም «ቁጭ በይ» ብለው ቴምር ሰጧት።

አህያ አጥንቱን ወደ አያ ጅቦ ገፋለት። «እንካ አያ ጅቦ። ትልቁን ነው የመረጥኩልህ።»

የአያ ጅቦ ምራቅ ተንጠባጠበ። ነገር ግን ምግብ ፊቱ ቀርቦ ሳይነካው ሲቀር በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

«እመት ግመል፣ ትናንት ወተትሽን የደፋሁት እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ሁላችንም አይተናል።»

«ታዲያ ለምን ጠበቃችሁኝ?»

«ጎረቤታችን ነሃ! በል አሁን ጠጣ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»

አያ ጅቦ ጠጣ። እንባው ሾርባው ላይ ጠብ ጠብ ሲል እንኳ አላቆመም፤ ሦስት ጊዜም አስጨመረ።

በቀሩት ቀናት ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨት ተሸክሞ ቀድሟቸው ይደርስ ጀመር። የዒድ ዕለት ጠዋት አያ ጅቦና አህያ ጎን ለጎን ሆነው፣ እየተጨዋወቱ በመንደሩ መሐል ሲያልፉ ያየ ሁሉ ዓይኑን አሸ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጾም ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከቂምም መከልከል እንደሆነና የጠላንን በፍቅርና በትዕግሥት ብንጠብቀው ወዳጅ ሆኖ እንደሚመጣ ነው።