«ይቺን ብቻ» የሚባልላት ብስክሌት

አንድ ወተት አመላላሽ በአንድ ሐይቅ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ነው። በዚያ ከተማ ከድልድዩ ቁልቁለት በቀር መንገዱ ሁሉ ሜዳ ስለሆነ ቄሱም፣ አስተማሪዋም፣ ጎመን ሻጯም የሚሄዱት በብስክሌት ነው። ቢያድግልኝም ብስክሌት ነበረው፤ ነበረው ከተባለ። ሳምንቱን ለሁለት ተካፍለውት ነበር፤ ግማሹን እሱ ይጋልባታል፣ ግማሹን እሷ ትከሻው ላይ ሆና ወደ ጠጋኙ ይወስዳታል።

ብስክሌቷ ከእሱ በፊት ሁለት ባለቤቶች ቀብራለች። «ኧረ አዲስ ግዛ» ያለው ሰው ካለ ቢያድግልኝ አይከራከርም። ጎንበስ ብሎ አጥንቷን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። «ሰማህ? ይሄ ብረት ነው! የዛሬው ሁሉ ቆርቆሮ ነው።» ሰውየው «ሰማሁ» እስኪል ድረስም አይለቀውም።

ጠጋኙ ጥጋቡ ቢያድግልኝን እንደ ወንድሙ ይወደዋል፤ ለምን አይወደው? መጀመሪያ አዲስ ጎማ ገጠመላት። አዲሱ ጎማ ወፍራም ሆነና አሮጌውን ጭቃ መከላከያ ፋቀው፤ መከላከያው ተቀየረ። አዲስ ካቴና ገባላት፤ ካቴናው አሮጌውን ጥርስ በላው፤ ጥርሱም ተቀየረ። ኮርቻው ተቀየረ፤ ያኔ ኮርቻው አምሮ ፔዳሉ አስቀያሚ ሆነ። ቢያድግልኝ በየጊዜው የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ይቺን ብቻ ካስተካከልኩማ አለቀ።»

ሚስቱ የሻረግ ይህን መስማት ሰለቻት።

«አንተ ሰው፣ ገበያ ላይ የተሰቀሉት ርካሾቹ አዲሶቹ ምን በደሉህ?»

«እነዚያማ ክረምት አያልፉም።»

«ያንተይቱስ በጋውን መች አለፈችው?»

«እሷን አትንኪብኝ። ስንት ደክሜባታለሁ!»

እንግዲህ ወተት እንደ ቢያድግልኝ ትዕግሥተኛ አይደለም። የሚወስደው መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ላላት ለእትዬ ደብሬ ነው፤ ቤተሰቡ የሚኖረውም በዚያ ወተት ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሳይነሳ ካልደረሰ ተሳፋሪው ሳይጠጣ ይሄዳል፣ ወተቱም ይበላሻል። እትዬ ደብሬ ሦስት ጊዜ ታገሠችውና በመጨረሻ፣ «ስማ፣ እኔ የምሸጠው ወተት ነው እንጂ ያንተን ምክንያት አይደለም። አንዴ ከደገምከኝ ሌላ ሰው አለኝ» አለችው።

ደነገጠ። ደንግጦም ምን አደረገ? አዲስ ፍሬን አስገጠመ። «ይቺን ብቻ» አለ።

በማግስቱ ማለዳ ሁለት ጀሪካን ወተት አስሮ በድልድዩ ቁልቁለት እየበረረ ወረደ። ከታች አንዲት ላም መንገዱ መሐል ቆማ ታመነዥካለች። ቢያድግልኝ ፍሬን ያዘ። ፍሬኑም ያዘ፤ ጥጋቡ በሙያው አይታማም። ብስክሌቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ቢያድግልኝ ግን አልቆመም። በመሪው ላይ አልፎ፣ ላሟን ተሻግሮ ቦይ ውስጥ አረፈ። አንዱ ጀሪካን ተከትሎት ፈነዳ። ላሟ ቀና ብላ ወተቱን አየችና ማመንዠኳን ቀጠለች።

ከኋላው ጎመን ሻጯ ትብለጥ በቀይ አዲስ ብስክሌቷ ደረሰች፤ ያችኑ እሱ «ቆርቆሮ» የሚላትን።

«ጋሼ! ጋሼ ቢያድግልኝ! ተረፍክ?»

ከቦዩ ውስጥ ድምፅ መጣ። «ብስክሌቷ ደህና ናት?»

«የፊት እግሯ ከመጣመሙ በቀር ምን ትሆናለች፤ ብረት አይደለች? ይልቅ ግንባርህን ያዝ፣ እየደማህ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ አየው። ቢያድግልኝ ብረቱን ላም ጠባቂ አድርጎ ትቶ፣ ከትብለጥ ኋላ ተፈናጦ፣ የተረፈውን ጀሪካን በአንድ እጁ፣ ጎመኑን በሌላው ታቅፎ መጣ። ቆርቆሮዋ ሲጥ ሲጥ እያለች ሁለት ሰው፣ ወተትና ጎመን ተሸከመች። «ሙሽራው መጣ!» አለ ጫማ ጠራጊው። «ቢያዴ፣ ጎመኑ ለጋ ነው?» አለች ሌላዋ። እሱ ፊቱን ጎመኑ ውስጥ ደበቀ።

አውቶቡሱ ገና ጥሩንባ እየነፋ ነበር። እትዬ ደብሬ ጀሪካኑን ተቀበለች። «ዛሬ ግማሽ አመጣህ፣ እኔም ግማሽ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገ ሙሉውን በሰዓቱ ካላየሁ አንተንም አላይህም።»

ቢያድግልኝ ብስክሌቷን ከቁልቁለቱ ተሸክሞ ወደ ጥጋቡ ሮጠ። ጥጋቡ ዞር ዞር ብሎ አያት። «አይዞህ፣ የተጣመመችው እቺ የፊት ብረት ናት። ይቺን ብቻ ከቀየርን አዲስ ናት። ነገ ማታ ትደርሳለች።»

«ነገ ማታ? ወተቱ እኮ ጠዋት ነው!»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ደክመህባት ልትጥላት ነው?»

እውነት ነበረው። ጎማው አዲስ ነው፣ ካቴናው አዲስ ነው፣ ፍሬኑማ ግንባሩ ይመስክር። ቢያድግልኝ «እሺ» ሊል አፉን ሲከፍት የሻረግ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። ቁስሉን አየች፣ ብስክሌቷን አየች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይቺ ብስክሌት ያንተ አይደለችም እንበል። አሁን ገበያ ወጣህ፣ እንዲህ ተጣማ ቆማ አገኘሃት። ትገዛታለህ?»

ቢያድግልኝ ሳያስበው ሳቀ። «አብጃለሁ እንዴ!»

ጥጋቡ ከዕቃ ሣጥኑ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረ።

«ታዲያ» አለች የሻረግ፣ «ለምንድን ነው በየሳምንቱ የምትገዛት?»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከርካሾቹ አንዷን ገዛ። ደወሏ እንደ ትንኝ ነው፣ ቀለሟም ጣት ላይ ይቀራል። በማግስቱ ግን ሁለቱም ጀሪካን ሙሉ ወተት እትዬ ደብሬ ቤት ሲደርስ የአውቶቡሱ ሹፌር ገና ፊቱን አልታጠበም ነበር።

ይህን ሰምታችሁ አሮጌ ሁሉ ይጣል እንዳትሉ። የሚሄድ አሮጌ ይሂድ፣ ዕድሜ ይስጠው። ቢያድግልኝን ያሰረው ብረቱ አልነበረም፤ የራሱ ድካም ነበር። ትናንት ያፈሰስነው ላብ ነገም እንድናፈስ የሚያስገድድ ውል አይደለም። እናንተስ «ደክሜበታለሁ» ብላችሁ ብቻ ትከሻችሁ ላይ ያቆያችሁት ነገር የለም? የማያዋጣ ንግድ ይሁን፣ የቆየ ኩርፊያ ይሁን፣ «ይስተካከላል» የተባለ እጮኛ ይሁን፣ የእናንተ ሳይሆን ዛሬ ገበያ ላይ ብታገኙት ትወስዱት ነበር? ሳታስቡ ከሳቃችሁ መልሱ እሱ ነው።