ትንፋሽ መያዝ፣ ሁለት ክሬዲት

አንድ ጊዜ በቆላ አገር የምትኖር አህያ እግሯ ቆስሎ ከመንጋው ኋላ ቀረች። እያነከሰች ወንዙ ዳር ስትደርስ መንጋው ተሻግሮ፣ የደጋው ዝናብም ወንዙን ሞልቶት ነበር። እናቷ ማዶ ቆማ በየጠዋቱ ትጣራለች፤ እሷም ከወዲህ ትመልሳለች። ከዚያ በላይ የሚደረግ አልነበረም።

በዚያ ወንዝ ጉማሬ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። የሚሰጡት ትምህርቶች በሾላ ግንድ ላይ ተጭረዋል፤ መዝጋቢው ቀበሮ ከግንዱ ሥር ይቀመጣል።

«ወንዝ መሻገር የሚለውን መዝግበኝ» አለች አህያ።

«እሱ አራት ክሬዲት ነው፣ እመት አህያ።»

«ክሬዲት ምንድን ነው?»

«የትምህርቱ ክብደት ነው። አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ጠዋት ከጉማሬ ጋር ውሃ ውስጥ ነው። ክፍያውም በዚያው ይታሰባል፤ ለአንድ ክሬዲት አንድ ሸክም ሣር።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ጅብ አንገቱን አሰገገ። «ክሬዲት ዱቤ ማለት አይደለም እንዴ? እንግዲያው ያለውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ስጠግብ እከፍላለሁ!»

«ተራህን ጠብቅ፣ አያ ጅቦ።»

ወዲህ ማዶ ድርቅ ነበር። አህያ ያገኘችውን ሣር ሳትቀምስ ተሸከመች፤ ራሷ ደረቅ ቅጠል እያኘከች ሰነበተች። አራተኛውን ሸክም ስታወርድ የጎድን አጥንቷ ወጥቶ ነበር።

«አሁን መዝግበኝ።»

ቀበሮ ግንዱን አየት አደረገ። «ትንፋሽ መያዝን ተምረሻል?»

«አልተማርኩም።»

«እሱ ነው የሚቀድመው። ሁለት ክሬዲት። እሱን ሳታልፊ ወንዝ መሻገር አይሰጥሽም።»

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያን ጊዜ የጠየቅሽኝ ክሬዲት ምን እንደሆነ ነው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ክረምቱን ሙሉ።»

አህያ ወደ ማዶ አየች። መንጋው ሣር እየተከተለ ወደ ዳገቱ እየራቀ ነው። የእናቷ ድምፅ ከትናንቱ ቀጥኗል።

ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ ጅቦ አጥንት ሰጥቶኝ ‹አልፏል› ብዬ ጽፌለታለሁ። ላንቺም እጽፋለሁ፤ ብቻ በጀርባሽ አሻግሪኝ።»

«አንተ አልተማርክም?»

«እኔ መዝጋቢ ነኝ እንጂ ተማሪ ነኝ?»

አህያ እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ይሄኔ ጅብ ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ከማዶ የጥንብ ሽታ መጥቶለት ነበር። መሃል ሲደርስ ደስታው አላስቻለውም፤ ሳቀ። ውሃውም በተከፈተው አፍ ገባ። ጉማሬ በአፍንጫው እየገፋ ወደ ዳር ሲመልሰው ሆዱ እንደ ስልቻ ተነፍቶ ነበር።

«አጥንቴን መልስ!» አለ እየሳለ።

«የምዝገባ ክፍያ አይመለስም፣ አያ ጅቦ።»

አህያ አፏን ገጠመች። ከዚያ «ትንፋሽ መያዝን ጻፍልኝ» አለች።

ትምህርቱ የሚሰጠው በማለዳ ነበር፣ ልክ እናቷ በምትጣራበት ሰዓት። ጉማሬ «ዝቅ በይ» ይላታል። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ የምትሰማው የገዛ ልቧን ብቻ ነው። ቀና ስትል ማዶው ጸጥ ብሏል።

«የኔታ፣ ተጣርታ ነበር?»

«ተጣርታ ነበር።»

«በጣም ርቃለች?»

ጉማሬ «ዝቅ በይ፣ ልጄ» አላት።

ትምህርት በሌለበት ጠዋት ዳር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ድምፁ አንዳንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴ ነፋስ ይሆናል። ትንፋሽ መያዝን አልፋ ወንዝ መሻገርን ስትጀምር ነፋሱ ብቻ ቀረ።

«አሁን ደግሞ ለማን ብለሽ ነው?» አላት ቀበሮ።

አህያ ከክፍያው የጎደለውን ሣር አወረደችና ወደ ውሃው ወረደች።

የተሻገረች ቀን ጉማሬ እስከ መሃል ሸኛት፤ ከዚያ ብቻዋን ዋኘች። ማዶ ወጥታ ገላዋን አራገፈች። ዳሩ ላይ ጭቃው በኮቴ ተረግጦ፣ ተረግጦ ደርቋል። አንዲት እናት እዚያ ቆማ ብዙ ጠብቃለች። አህያ ጮኸች። መልስ የለም። አፍንጫዋን ዱካው ላይ ደፍታ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ዱካው ወደሄደበት ዳገቱን ተያያዘችው።

ከዚህ የምንማረው የትምህርት ዋጋ በሸክም ቆጥረን የከፈልነው ብቻ ሳይሆን እየተማርን ሳለ ያልሰማነው ድምፅም ጭምር መሆኑን፣ ቢሆንም ሳይማሩ ወንዙን መሻገር እንደማይቻል ነው።