ሲገባ ያልተፈተሸው ስልቻ

ጆሯችሁን አቅርቡልኝ፤ ተረት አለኝ። ደስ የሚል አይደለም፤ ቢሆንም ስሙት።

ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው አርሰው በሚበሉበት ዘመን፣ ሁለት ክረምት ዝናብ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት ጥቂት ማሽላ ቢያገኙ፣ «ይህ አይበላም፤ ለዘር ነው» ብለው በአንድ ጎተራ ሊያኖሩት ተማማሉ። ያ ዘር ከጠፋ ሌላ የለም።

በሩን እንዲጠብቅ አያ ጃርትን ሾሙ። ማሽላውን ከአውድማ እንድታመላልስ እመት አህያን ቀጠሩ፤ ለመጫኛም የጎተራውን ጆንያ ሰጧት።

ጆንያው ሻካራ ነው፤ የእመት አህያ ጀርባ ደግሞ ቁስል አያጣውም። አንድ ቀን ቻለችው፤ ሁለት ቀን ቻለችው፤ በሦስተኛው ቀን ከቤቷ የራሷን ስልቻ ይዛ መጣች። ስልቻው ለስላሳ ነው። ቀን ጎተራ ይውላል፣ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል፣ ጎረቤትም ሲቸግረው ይዋሰዋል።

የበሩ መቀርቀሪያ ስልቻውን አየና፣ «እመት አህያ፣ ይህ የጎተራው ዕቃ አይደለም» አላት።

«የራሴ ነው፤ የራሴ ዕቃ ምን ያደርገኛል?» አለች።

አያ ጃርትም፣ «ተዋት እባክህ። እኔ የምፈትሸው የሚወጣውን ነው። ሙሉ ይገባል፣ ባዶ ይወጣል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለው። ስትወጣም ስልቻውን ገልብጦ አራገፈው። አንድ ፍሬ አልወደቀም። ምስጉን ጠባቂ ነበር፤ ሞኝነቱም እዚያው ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ነቀዝ ሚስቱን፣ «በር መስበር የሞኝ ሥራ ነው፤ እኛ የታመነ ዕቃ እንፈልግ» አላት። በእመት አህያ ስልቻ ስፌት ውስጥ ገብተው ተሸጎጡ።

ሰኞ ስልቻው፣ «እመቤቴ፣ ስፌቴ ውስጥ የሚላወስ ነገር አለ» አለ።

«ያረጀ ቆዳ ሁሉ ያሳክከዋል» ብላ ጭናው ገባች።

ጎተራው ሞላ። አያ ጃርት የጎተራውን አፍ በጭቃ መርጎ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ከወር በኋላ እመት አህያ በዚያ ስታልፍ ጎተራው ጠራት።

«ሆዴን ይቆረጥመኛል። በአንቺ ስልቻ የገባ ነገር አለ። ንገሪያቸው፤ አሁን ቢከፍቱኝ ግማሹ ይተርፋል።»

እመት አህያ ደነገጠች። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባል ታውቃለች። ግን ብትናገር ያ ሻካራ ጆንያ ጀርባዋ ላይ ሊመለስ ነው፤ በጉባኤ መሐል «አንቺ ነሽ» ልትባል ነው። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለች። ነገ ሲመጣም ነገ አለች።

ጎተራው ሁለተኛ ጠራት፤ «ሲሶው ይተርፋል» አላት። ነገ አለች። ሦስተኛ ስታልፍ ግን ጎተራው ዝም አለ። እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ሰኔ ገባ። አያ ጃርት ጭቃውን ሲያፈርሰው እግሩ ላይ ዱቄትና ገለባ ፈሰሰ። ነቀዞች እየተግተለተሉ ወጡ፤ እሱም የለመደበት ነውና አንድ በአንድ ይፈትሻቸው ጀመር። አንዳቸውም ምንም አልያዙም።

«እኔ ነኝ፤ ሰምቼ ዝም አልኩ» አለች እመት አህያ። የሚቆጣት እንኳ አጣች፤ ሁሉም ባዶውን ጎተራ ያይ ነበር።

ያን ጊዜ ዝናብ መጣ። «ቆየሁባችሁ፤ ይቅር በሉኝ። ዘሩ የታለ?» አለ።

ያን ክረምት ሁሉ ባዶ መሬት ላይ ዘነበ።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ለልጆቻችሁ አውርሱት፦ የሚወጣውን የሚፈትሽ ከሌባ ይድናል፤ የሚገባውን ያልፈተሸ ግን ለሌባ የሚተርፍ እንኳ የለውም።