አያ ጅቦና የንጉሡ «አላሳድርም»

አንድ ጊዜ፣ ከተራራ ሥር ባለ ሸለቆ የሚኖሩ አራዊት ንጉሣቸው አንበሳ ሞተባቸው። ከተራራው አናት ላይ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በሸለቆው ላይ እንዳይወርድ የያዘው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ታዲያ ልብ በሉ! አንበሳው በነገሠበት ዘመን ሁሉ፣ ክረምቱ የቱንም ያህል ቢከፋ ካቡ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። እንዴት? ማንም አያውቅም። የሚያስታውሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻውን ከዋሻው ሲወጣ ነው። «ንጉሥ ሆይ፣ ወዴት ነው?» ሲሉት መልሱ አንድ ነበር፦ «የዛሬን አላሳድርም።»

አራዊቱም ተሰብስበው «እንደ እርሱ የኖረ ይንገሥ» አሉ።

አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ወደ ቀበሮ በረረ።

«እመት ቀበሮ፣ እንደ አንበሳ መኖር አስተምሪኝ!»

«አስተማሪ በባዶ ሆዱ አያስተምርም።»

«ከምበላው አካፍልሻለሁ!»

«እንግዲያው ስማ። በማለዳ ተነሥ። አንገትህን ቀና አድርገህ ተራመድ። ከሁሉ በላይ ግን ቃሉን ጠብቅ፤ የዛሬን አታሳድር።»

«ምኑን ነው የማላሳድረው?»

ቀበሮ ለክረምት የተሰቀለውን የአገሩን ቋንጣ በዓይኗ ሰረቅ አደረገችና «ይህንንም ላንተ ልንገርህ?» አለችው። የአያ ጅቦ ፊት በራ።

ከዚያ ወዲያ አያ ጅቦ ጎህ ሲቀድ ይነሣል፤ ተነሥቶም አገሩን በጩኸት ይቀሰቅሳል። አንገቱን ቀና አድርጎ ሲራመድ ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ይላል። ቋንጣውን ደግሞ «አላሳድርም! አላሳድርም!» እያለ ይጠርገዋል። ቀበሮም ከጎኑ እያላመጠች «አቤት፣ ቁርጥ ንጉሡን!» ትለዋለች።

በዚህ መሐል ከካቡ ሥር የምትኖር አህያ መጥታ ከሩቅ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ካቡ ውሃ ያንጠባጥባል። ውርንጭላዬ ገና በእግሯ አልጸናችም፤ ዝናብ ከጣለ ጎርፉ ይወስድብኛል። ና፣ አብረን ድንጋይ እናንሣ።»

«ሥራ ነው እንዴ?»

«ሥራ ነው።»

«ሥራማ ነገም ይደርሳል! እንዲያውም እዚህ ብዙ ከቆምሽ አንቺንም አላሳድርሽም።»

አህያ ብቻዋን ወደ ተራራው ወጣች። አናቱ አጠገብ ስትደርስ ግን እግሯ ተተከለ። ጥቁሩ ዐለት በመዳፍ ቅርጽ ጎድጉዷል። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ዱካው እየተከታተለ እስከ ካቡ ይዘልቃል። ወደ ካቡ ቀረብ ብላ አየች። የድንጋዮቹ ልክ በአንበሳ አፍ የሚያዝ ነው፤ በእያንዳንዱም ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ያ ሁሉ ካብ፣ በአንድ አፍ!

ከዚያ አናፋች። ሸለቆው ተናወጠ። አራዊቱ ሮጠው ወጡ፤ ዱካውንም አዩ። ሰማዩ ማጓራት ሲጀምር ሁሉም እግሩን በንጉሡ ዱካ እያስገባ፣ ያቅሙን ድንጋይ አቀበለ። ዝናቡ ወረደ፤ ካቡ ቆመ። ሲያባራ ውርንጭላዋ ከደጇ ኩሬ ውሃ ትጠጣ ነበር።

አያ ጅቦ ሆዱን እየጎተተ በመጨረሻ ደረሰ። እግሩን ከዱካው ውስጥ ቢያስገባ ዱካው ዋጠው።

«እትዬ አህያ፣ ዐለት እንዲህ የሚቦረቦረው በምን ዓይነት ጥፍር ነው?»

«በጥፍር አይደለም፣ አያ ጅቦ። በየቀኑ ነው።»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተና አንድ ድንጋይ አነሣ።

«እንዳትውጠው!» አለች ቀበሮ።

ከዚህ የምንማረው፣ የታላላቆችን ቃል መደጋገም ለማንም ቢቀልም፣ ታላቅ ያደረጋቸው ግን ማንም ሳያያቸው በየቀኑ ያነሡት አንድ ድንጋይ መሆኑን ነው።